ከመሣሪያ ጋር የሚሰጥ የመረጃ ቋት ሶፍትዌር እና የክፍት ምንጭ ፈቃድ

የክፍት ምንጭ ፈቃድ የአንድ ሶፍትዌር ባለመብት ማንኛውም ሰው ፕሮግራሙን እንዲጠቀምበት፣ ምንጭ ኮዱን እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላ ሰው እንዲያስተላልፈው የሚፈቅድበት ሰነድ ነው። የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ሶፍትዌር ደግሞ መረጃን በሥርዓት የሚያስቀምጥ፣ የሚፈልግና የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። አንድ አምራች ወይም አቅራቢ የመረጃ ቋት ሶፍትዌርን በላፕቶፕ፣ በታብሌት፣ በስልክ ወይም በሌላ መሣሪያ ላይ ጭኖ ሲሸጥ ወይም ሲያድል፣ ከዕቃው ጋር የፕሮግራሙንም ቅጂ ያስተላልፋል። ፈቃዱ የሚያስከትላቸው አብዛኞቹ ግዴታዎች የሚጀምሩት በዚህ ርክክብ ጊዜ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ መመዝገቢያ መሣሪያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙት ታብሌትና በየገበያው የሚሸጠው ስልክም ከዚሁ ይመደባሉ። ጉዳዩ እንደ ደቡብ ኦሞ ባሉ አካባቢዎች የበለጠ ክብደት አለው። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ መረጃው የሚቀመጠው በሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ሳይሆን በመሣሪያው ውስጥ ነው። መሣሪያው ሲበላሽ ወይም አቅራቢው ሥራውን ሲያቆም መረጃውን ማውጣት፣ ፕሮግራሙንም መጠገን መቻሉ በከፊል ከመጀመሪያው በተመረጠው ፈቃድ ይወሰናል።

## መጠቀም እና ማስተላለፍ

ክፍት ምንጭ ማለት ዋጋ የሌለው ማለት አይደለም፤ ባለቤት የሌለው ማለትም አይደለም። አብዛኛው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በቅጂ መብት የተጠበቀ ነው። ባለመብቱ በፈቃዱ ላይ ባሰፈራቸው ቅድመ ሁኔታዎች መሠረት ለሁሉም ሰው በሩን ከፍቷል። ቅድመ ሁኔታዎቹን ያላከበረ ሰው ግን ፈቃድ እንደሌለው ይቆጠራል።

ሁለት ሁኔታዎችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መጠቀም ነው። በጂንካ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ማይኤስኪውኤል የተባለውን የመረጃ ቋት ከኢንተርኔት አውርዶ የሠራተኞቹን መዝገብ ቢይዝበት፣ ምንጭ ኮድ ለማንም የመስጠት ግዴታ የለበትም። ፕሮግራሙን ለራሱ ሥራ ቢያሻሽለውም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው ማስተላለፍ ነው። ያው መሥሪያ ቤት የመረጃ ቋቱን በ50 ላፕቶፖች ላይ ጭኖ ለሌሎች ድርጅቶች ቢሰጥ 50 ቅጂዎችን አሰራጭቷል፤ የፈቃዱም ግዴታዎች ይመለከቱታል። በነጻ ማደሉ ግዴታውን አያስቀርም፤ በዋጋ መሸጡም አይከለከልም።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የጂኤንዩ አጠቃላይ ሕዝባዊ ፈቃድ (ጂፒኤል) ሁለተኛ እትም፣ ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ በተቀየረ መልኩ ለሚያስተላልፍ ድርጅት ሁለት ዋና መንገዶችን ይሰጠዋል። አንደኛው ሙሉ ምንጭ ኮዱን ከመሣሪያው ጋር አብሮ መስጠት ነው። ሌላው ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል መስጠት ነው። በዚህ ቃል መሠረት ኮዱን ለሚጠይቅ ለማንኛውም ሰው፣ ከማባዣ ወጪ ያልበለጠ ክፍያ ብቻ በመቀበል መላክ ይገባል።

## የፈቃድ ዓይነቶች

ከመሣሪያ ጋር የሚሰጡ የመረጃ ቋቶች የሚተዳደሩባቸው ፈቃዶች ከቀላል ግዴታ ወደ ከባድ በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይችላሉ።

የሕዝብ ሀብት። ኤስኪውላይት የተባለውን የመረጃ ቋት አሜሪካዊው ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ጀመረው። አዘጋጆቹ የቅጂ መብታቸውን ትተው ለሕዝብ ስለሰጡት ምንም ቅድመ ሁኔታ የለውም። አንድሮይድም ሆነ አይፎን ስልኮች ውስጥ ስለሚገኝ በዓለም ላይ እጅግ ከተሰራጩት ሶፍትዌሮች አንዱ ነው። ሆኖም አንዳንድ ገዢዎች የተፈረመ የፈቃድ ወረቀት ካላዩ አይረጋጉም፤ የአንዳንድ አገሮች ሕግም ደራሲ መብቱን እንዲህ አድርጎ መተዉን አይቀበልም። ለእነዚህ የኤስኪውላይት ድርጅት የባለመብትነት ማረጋገጫ ሰነድ በክፍያ ይሰጣል።

ልል ፈቃድ። ፖስትግሬስኪውኤል (ባጭሩ ፖስትግሬስ) እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ከተጀመረ ፕሮጀክት የመጣ ነው። ፈቃዱ የሚጠይቀው የቅጂ መብት ማስታወቂያውና የፈቃዱ ጽሑፍ ከቅጂው ጋር እንዲሄዱ ብቻ ነው። አፓቼ 2.0 የተባለውም ፈቃድ ከዚሁ ወገን ነው። እርሱ ግን የተለወጡ ፋይሎች መለወጣቸው እንዲገለጽ ይጠይቃል፤ የፓተንት ፈቃድንም በግልጽ ይሰጣል።

ከፊል ኮፒሌፍት። ኮፒሌፍት ፕሮግራሙን የተቀበለ ሰው ሲያስተላልፈው ያንኑ ነጻነት ለቀጣዩ ሰው እንዲያሳልፍ የሚያስገድድ መርህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሞዚላ ሕዝባዊ ፈቃድ (ኤምፒኤል) 2.0 ይህን ግዴታ በፋይል ደረጃ ይወስነዋል። በፈቃዱ ሥር ያለ ፋይልን አሻሽሎ ያስተላለፈ ሰው የዚያን ፋይል ምንጭ ኮድ ይሰጣል፤ ከጎኑ የጨመራቸውን የራሱን ፋይሎች ግን ዝግ አድርጎ ማቆየት ይችላል።

ሙሉ ኮፒሌፍት። ማይኤስኪውኤልና ከእርሱ ተገንጥሎ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ማሪያዲቢ በጂፒኤል ሁለተኛ እትም ሥር ይገኛሉ። በርክሊ ዲቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በኤጂፒኤል ሥር ነው። ኤጂፒኤል የተሻሻለውን ፕሮግራም በኔትወርክ በኩል ለሚጠቀሙ ሰዎችም ምንጭ ኮዱ እንዲቀርብ ያስገድዳል።

ሁለት ፈቃድ። ማይኤስኪውኤል በጂፒኤል በነጻ ይገኛል፤ የጂፒኤልን ግዴታ የማይፈልግ አምራች ደግሞ ከባለመብቱ ከኦራክል የንግድ ፈቃድ መግዛት ይችላል። ማይኤስኪውኤልን በመሣሪያ ውስጥ ጭኖ መሸጥ የሚፈልግ ኩባንያ ብዙ ጊዜ የሚደርስበት ምርጫ ይህ ነው።

## ማያያዝ እና ጎን ለጎን ማኖር

አንድ መሣሪያ በውስጡ ብዙ ፕሮግራሞችን ይይዛል። አንደኛው በጂፒኤል ሥር ስለሆነ ብቻ ሌሎቹ ሁሉ ክፍት ይሆናሉ ማለት አይደለም። ጂፒኤል ራሱ፣ ራሳቸውን የቻሉ ፕሮግራሞችን በአንድ ዲስክ ወይም ሜሞሪ ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የአንዱን ፈቃድ ወደ ሌላው እንደማያስተላልፍ ይገልጻል። ነገሩ የሚለወጠው ሁለት ፕሮግራሞች ተያይዘው አንድ ሥራ ሲሆኑ ነው።

ለመረጃ ቋት ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። ፖስትግሬስና ማሪያዲቢ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ሰርቨሮች ናቸው፤ ሌላ ፕሮግራም ጥያቄ ይልክላቸዋል፤ እነርሱም መልስ ይሰጣሉ። ኤስኪውላይትና በርክሊ ዲቢ ግን በተጠቃሚው ፕሮግራም ውስጥ የሚዋሃዱ ላይብረሪዎች ናቸው። ስለዚህ በርክሊ ዲቢን በራሱ ፕሮግራም ውስጥ አዋህዶ የሚያስተላልፍ ሰው ወይ ሙሉ ፕሮግራሙን ይከፍታል ወይ የንግድ ፈቃድ ይገዛል።

ይህ ክርክር ፍርድ ቤት የደረሰው ገና ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድኑ ማይኤስኪውኤል ኩባንያና ኑስፊር የተባለ ድርጅት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተከራከሩ። ኑስፊር ጌሚኒ የተባለ የራሱን ክፍል ከማይኤስኪውኤል ጋር አያይዞ ይሸጥ ነበር፤ ኮዱን ግን መጀመሪያ አልሰጠም ተብሎ ተከሷል። ፍርድ ቤቱ በንግድ ምልክቱ ረገድ ጊዜያዊ እግድ ሰጠ። በጂፒኤል ጥያቄ ላይ ግን ዳኛዋ በዚያ ደረጃ እግድ አልሰጡም፤ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ።

በመሣሪያ ረገድ በይበልጥ የሚታወቀው ታሪክ የሊንክሲስ ራውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደብልዩአርቲ54ጂ የተባለው ራውተር ውስጥ ሊኑክስ እንዳለ ተጠቃሚዎች ደረሱበት፤ ኩባንያውም ምንጭ ኮዱን ለማውጣት ተገደደ። ከዚያ ኮድ ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለ ነጻ የራውተር ሶፍትዌር ተወለደ። አምራቹ ድጋፉን ካቆመ በኋላም የብዙ መሣሪያዎች ዕድሜ በዚህ ሶፍትዌር ረዝሟል።

## የፋይዳ መመዝገቢያ መሣሪያ

ፋይዳ በብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም የሚካሄድ የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ ሲሆን ሕጋዊ መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። ሥርዓቱ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ የክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ነው። ሞሲፕ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕንድ ባንጋሎር በሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ተጀመረ። ፊሊፒንስና ሞሮኮም ተጠቅመውበታል። ፈቃዱ ኤምፒኤል 2.0 ነው።

ምዝገባ የሚካሄደው ላፕቶፕ ወይም ታብሌት፣ የጣት አሻራ መቀበያ፣ የዓይን አይሪስ መቃኛና ካሜራ በአንድነት በያዘ መሣሪያ ነው። ሞሲፕ ለላፕቶፕ ያዘጋጀው መደበኛ የመመዝገቢያ ፕሮግራም በጃቫ የተጻፈ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ እንዲሠራ ታስቦ ስለተዘጋጀ አፓቼ ደርቢ የተባለ አነስተኛ የመረጃ ቋት በውስጡ ይዟል። የተመዝጋቢው መረጃ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ በመሣሪያው ላይ ይቆያል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ማዕከል ይላካል። ደርቢ ቀድሞ የአይቢኤም ንብረት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተሰጥቶ በአፓቼ 2.0 ፈቃድ ሥር ሆነ።

በዚህ መደበኛ አደረጃጀት አንድ የመመዝገቢያ መሣሪያ ሲገለጥ የሚከተሉት ንብርብሮች ይታያሉ፦

- የአሻራና የአይሪስ መቀበያዎቹ ሶፍትዌር፦ የየአምራቹ ንብረት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው።
- የመመዝገቢያው ፕሮግራም፦ በኤምፒኤል 2.0 ሥር ነው፤ የተሻሻሉ ፋይሎች ሲተላለፉ ኮዳቸው አብሮ መገኘት አለበት።
- ደርቢ፦ በአፓቼ 2.0 ሥር ነው፤ ፈቃዱና ማስታወቂያው ከመሣሪያው ጋር መሄድ አለባቸው።
- በማዕከል ያለው ፖስትግሬስ፦ ከመሣሪያው ጋር ስለማይተላለፍ የመሣሪያው አቅራቢ ስለ እርሱ የሚሰጠው ማስታወቂያ የለም።

ይህ አደረጃጀት ኤምፒኤል ለምን ተስማሚ እንደሆነ ያሳያል። መድረኩ በሙሉ ኮፒሌፍት ሥር ቢሆን ኖሮ፣ የአሻራ መሣሪያ አምራቾች ዝግ ኮዳቸውን ከእርሱ ጋር ለማያያዝ በተቸገሩ ነበር። በልል ፈቃድ ሥር ቢሆን ደግሞ አንድ አቅራቢ መድረኩን አሻሽሎ ማሻሻያውን ዝግ ማድረግ፣ አገሪቱንም ከራሱ ጋር ማሰር ይችል ነበር። የፋይል ደረጃ ኮፒሌፍት የአምራቾቹን ዝግ ክፍል በቦታው ትቶ የጋራውን ክፍል ክፍት ያቆያል።

የኮዱ መከፈት ግን ቁልፉም ተከፍቷል ማለት አይደለም። የሞሲፕ መመዝገቢያ ላፕቶፕ ቲፒኤም የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠቀማል፤ እያንዳንዱ ማሽን በማዕከል የታወቀ ቁልፍ አለው። ማንም ሰው ኮዱን አውርዶ ማንበብ ይችላል፤ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ግን ዜጎችን መመዝገብ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጂፒኤል ሦስተኛ እትም ለግልና ለቤት አገልግሎት በሚሸጡ ዕቃዎች ላይ የተሻሻለ ሶፍትዌር ለመጫን የሚያስፈልገው መረጃ ለገዢው እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህ ድንጋጌ የመጣው ቲቮ የተባለው የቴሌቪዥን መቅጃ አምራች የሊኑክስን ኮድ እየሰጠ፣ የተሻሻለው ኮድ በመሣሪያው ላይ እንዳይሠራ በመቆለፉ ነው። ኤምፒኤል ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለውም። ስለዚህ ለደኅንነት ሲባል የተቆለፈ የመንግሥት መሣሪያ ከፈቃዱ ጋር አይጋጭም።

## የጤና ታብሌትና የገበያ ስልክ

የጤና ሚኒስቴር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያዘጋጀው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ኮምኬር በተባለ የክፍት ምንጭ መድረክ ላይ የተመሠረተ ነው። የኮምኬር የሰርቨር ክፍል በቢኤስዲ፣ የአንድሮይድ ክፍሉ በአፓቼ 2.0 ፈቃድ ይሰራጫል። ሁለቱም ልል ፈቃዶች ናቸው። በታብሌቱ ውስጥ ያለው የመረጃ ቋት ኤስኪውላይትን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው ኤስኪውኤልሳይፈር ነው። ኤስኪውላይት ራሱ ምንም ባይጠይቅም ኤስኪውኤልሳይፈር በቢኤስዲ መሰል ፈቃድ ሥር ስለሆነ የባለመብቱ ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ ጋር መቅረብ አለበት። አነስተኛ የሚመስለው ይህ ግዴታ በብዛት ከሚዘነጉት አንዱ ነው።

ስልክም ከዚህ ውጭ አይደለም። ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ቴክኖ ስልኮችን በኢትዮጵያ ይገጣጥማል። ማንኛውም የአንድሮይድ ስልክ በውስጡ ኤስኪውላይትንና በጂፒኤል ሁለተኛ እትም ሥር ያለውን የሊኑክስ ከርነል ይይዛል። በስልኩ ማስተካከያ ገጽ ላይ «ስለ ስልኩ» በሚለው ሥር የሕግ መረጃ የሚል ዝርዝር የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ከስልኩ ጋር የመጡት ፈቃዶች ናቸው።

## በደቡብ ኦሞ ያለው ትርጉም

ደቡብ ኦሞ ሐመር፣ በና፣ ፀማይ፣ ሙርሲ፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካራ፣ ኤርቦሬና ማሌን የመሳሰሉ ሕዝቦች የሚኖሩበት አካባቢ ነው፤ ብዙዎቹ አርብቶ አደሮች ወይም ከፊል አርብቶ አደሮች ናቸው። በጂንካ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየምም የሚገኘው በዚችው ከተማ ነው። ከከተማዋ ርቆ ወደ ኦሞ ወንዝ ዳር መንደሮች የሚሄድ ሠራተኛ ግን መረጃውን በያዘው መሣሪያ ላይ አስቀምጦ መመለስ ይኖርበታል።

በዚህ ሁኔታ የፈቃድ ምርጫ ሦስት ተግባራዊ ውጤቶች አሉት። አንደኛ፣ አቅራቢው ውሉን ጨርሶ ሲሄድ ምንጭ ኮዱ በገዢው እጅ ካለ ሌላ ባለሙያ ሊጠግነው ይችላል። ሁለተኛ፣ መረጃው የተቀመጠበት የፋይል ቅርጽ በይፋ የታወቀ ከሆነ የተበላሸ ታብሌት ሜሞሪ ላይ ያለው መዝገብ በሌላ ኮምፒዩተር ሊነበብ ይችላል፤ የቁልፉ ባለቤት ግን ቁልፉን ይዞ መገኘት አለበት። ሦስተኛ፣ የፕሮግራሙን ቃላት ወደ ሐመርኛ ወይም ወደ ዳሰነችኛ መተርጎም የፕሮግራሙን ቅጂ ማሻሻል ነው፤ ፈቃዱ ማሻሻልን ከፈቀደ የአምራቹን ይሁንታ መጠበቅ አያስፈልግም።

## ተግባራዊ ምሳሌ

ጉዳዩን ለማብራራት አንድ ምናባዊ ሁኔታ መውሰድ ይቻላል። በጂንካ ያለ አንድ አነስተኛ ድርጅት ለዲመካ፣ ለቀይ አፈርና ለቱርሚ ገበያዎች የከብት ሽያጭ የሚመዘግብ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሣጥን ሠርቶ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ይሸጣል እንበል። ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ ኮምፒዩተር፣ ሊኑክስ፣ የመረጃ ቋትና ድርጅቱ የጻፈው ዝግ ፕሮግራም አሉ።

የመረጃ ቋቱ የትኛውም ቢሆን ሊኑክስ ራሱ በጂፒኤል ሥር ስለሆነ ድርጅቱ የከርነሉን ምንጭ ኮድ መስጠት ወይም የጽሑፍ ቃሉን በሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። የመረጃ ቋቱን በተመለከተ ምርጫው እንዲህ ይለያያል፦

- ኤስኪውላይት ከሆነ፦ ተጨማሪ ግዴታ የለም። ለአንድ ሰው መመዝገቢያ በቂ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ለሚጽፍበት ሥራ ግን አይመችም።
- ፖስትግሬስ ከሆነ፦ የፈቃዱ ጽሑፍ በመመሪያው ወይም በሣጥኑ ሜሞሪ ላይ መኖር አለበት። የድርጅቱ ፕሮግራም ዝግ ሆኖ ይቀጥላል።
- ማሪያዲቢ ከሆነ፦ የሰርቨሩ ምንጭ ኮድ ይሰጣል። የማሪያዲቢ ማገናኛ ላይብረሪ በቀለለው ኤልጂፒኤል ሥር ስለሚገኝ፣ የዚያን ፈቃድ ግዴታዎች በማክበር የድርጅቱን ፕሮግራም ዝግ አድርጎ ማቆየት ይቻላል።
- ማይኤስኪውኤል ከሆነ፦ የማገናኛ ላይብረሪው ራሱ በጂፒኤል ሥር ስለሆነ፣ እርሱን በዝግ ፕሮግራም ውስጥ አያይዞ ለመሸጥ የንግድ ፈቃድ ወደ መግዛት ያመራል።
- በርክሊ ዲቢ ከሆነ (አዲሶቹ እትሞች)፦ ፕሮግራሙን መክፈት ወይም የንግድ ፈቃድ መግዛት ግድ ይሆናል።

አምስቱም የመረጃ ቋቶች የከብቱን ቀለም፣ ዋጋና የሻጩን ስም በአግባቡ ይመዘግባሉ። ልዩነቱ የሚወጣው ሣጥኑ ከድርጅቱ እጅ ወደ ማኅበሩ እጅ ሲተላለፍ ነው።

## የኢትዮጵያ ሕግ

በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከሚጠበቁት ሥራዎች አንዱ ነው። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ፕሮግራምን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ለመጠቀም ወይም ለመጠባበቂያ የሚሆን ቅጂ ማድረግ ይፈቀድለታል። ይህ ልዩ ፈቃድ ጠባብ ነው፤ ፕሮግራሙን በመቶዎች በሚቆጠሩ መሣሪያዎች ላይ አባዝቶ ለመሸጥ አያገለግልም። ያንን የሚፈቅደው የባለመብቱ ፈቃድ ነው። አዋጁ ለሥራ አመንጪው በስሙ የመጠራት የሞራል መብትም ይሰጣል፤ ስለዚህ ልል ፈቃዶች የሚጠይቁት የባለመብት ማስታወቂያ ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አይደለም።

የአዋጁ ተፈጻሚነት ግን ወሰን አለው። በዋናነት የሚጠብቀው ዜግነታቸው ወይም ዋና መኖሪያቸው በኢትዮጵያ የሆነ አመንጪዎችን ሥራ፣ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የታተመን ሥራ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በገባችባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች መሠረት ጥበቃ የሚገባውን ሥራ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል ብትሆንም ለረጅም ጊዜ ከበርን ስምምነት ውጭ ቆይታለች። በዚህ ምክንያት በውጭ አገር ብቻ የተጻፈና የታተመ ሶፍትዌር ባለመብት በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የሚኖረው አቋም አከራካሪ ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ግን ፈቃዱን ቸል ማለት አያስጠይቅም ማለት አይደለም። የብዙ ክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ኮድ የብዙ አገር ሰዎች ሥራ ነው፤ ከመካከላቸው ኢትዮጵያዊ ካለ የእርሱ ድርሻ በአዋጁ የተጠበቀ ነው። አቅራቢው ለገዢው የፈረመው የግዢ ውል ፈቃዶች መከበራቸውን እንዲያረጋግጥ ካስገደደው፣ ተጠያቂነቱ በውል ሕግ ይሆናል። ዕቃው ድንበር ሲሻገር ደግሞ ሕጉ ይለወጣል። ከላይ በምሳሌነት የቀረበው ሣጥን በኦሞራቴ በኩል አልፎ በቱርካና ለሚገኝ ገዢ ቢሸጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የበርን ስምምነት አባል በሆነችው ኬንያ ሕግ ሥር ይወድቃል።

## ፈቃድ ሲለወጥ

የመረጃ ቋት ፈቃድ ለዘለዓለም አንድ ዓይነት ሆኖ ላይቆይ ይችላል። ሞንጎዲቢ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ከኤጂፒኤል ወጥቶ ራሱ ወዳዘጋጀው ፈቃድ ተሸጋገረ፤ ይህን ፈቃድ የክፍት ምንጭ ኢኒሼቲቭ ክፍት ምንጭ ብሎ አልተቀበለውም። ሬዲስ እ.ኤ.አ. በ2024 ቢኤስዲን ትቶ ጠባብ ፈቃዶችን ያዘ፤ በ2025 ኤጂፒኤልን እንደ አማራጭ ጨመረ። በዚህ መካከል ቫልኪ የተባለ ተገንጣይ ፕሮጀክት በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር በቀድሞው ፈቃድ ቀጠለ።

እንዲህ ያለ ለውጥ ወደ ኋላ አይሠራም። ቀደም ሲል በቢኤስዲ ወይም በኤጂፒኤል የወጣው እትም በዚያው ፈቃድ ይቆያል። ስለዚህ የመሣሪያ አቅራቢ የፕሮግራሙን ስም ብቻ ሳይሆን የእትሙንም ቁጥር መመዝገብ ይኖርበታል። ለታብሌቶች ማሻሻያ የሚልክ ድርጅትም አዲሱ እትም በየትኛው ፈቃድ ሥር እንዳለ ሳያይ ቢልክ፣ ሳያውቀው አዲስ ግዴታ ሊገባ ይችላል።

## ሶፍትዌሩ እና መረጃው

የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ክፍት መሆኑ በውስጡ የተቀመጠው መረጃ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ጂፒኤልም ሆነ ኤምፒኤል የፕሮግራሙን ኮድ እንጂ ተጠቃሚው ያስገባውን መዝገብ አይመለከቱም። የአንድ ሰው አሻራ፣ የሕክምና ታሪክ ወይም የከብት ብዛት የሚጠበቀው በሌላ ሕግ ነው፤ ከእነዚህ ዋነኛው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ሁለቱ ሲምታቱ አንዳንዱ «ክፍት ምንጭ ከሆነ መረጃችን ይታያል» ብሎ ይሰጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በክፍት ምንጭ ስም ሊጠበቅ የሚገባውን መረጃ አሳልፎ ይሰጣል።

## በርክክብ ጊዜ የሚጠየቁ ነገሮች

መሣሪያ የሚረከብ መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር ከዕቃው ጋር የሚከተሉትን ሊጠይቅ ይችላል፦ በውስጡ ያሉትን ፕሮግራሞች ስም፣ የእትም ቁጥርና ፈቃድ የያዘ ዝርዝር፤ የፈቃዶቹን ሙሉ ጽሑፍ፤ በኮፒሌፍት ሥር ላሉት ክፍሎች ምንጭ ኮዱን ወይም የጽሑፍ ቃሉን፤ ዝግ የሆኑት ክፍሎች የትኞቹ እንደሆኑ የሚገልጽ መግለጫ፤ እንዲሁም ከመረጃ ቋቱ መዝገብን ወደ ሌላ ቅርጽ ማውጫ መንገድና የምስጢር ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቀመጥ የሚያሳይ ስምምነት። የመጨረሻው ጥያቄ በክፍት ምንጭ ፈቃዶች ውስጥ የማይገኝ ስለሆነ በግዢ ውሉ ላይ መስፈር ይኖርበታል። ኮዱ በእጁ ሆኖ ቁልፉ በአቅራቢው ዘንድ የቀረ ገዢ ፕሮግራሙን ማሻሻል ቢችልም የራሱን መዝገብ ማንበብ አይችልም።